ቅቤ የጠጣች ቬስፓ

የውሃ ሞተር ተበላሽቶበት አንለይን የማያውቅ የወረታ ሰው ካለ፣ ወይ ገበሬ አይደለም፣ ወይ ወረታን ያያት በአውቶቡስ መስኮት ነው። አንለይ እኔ ነኝ። ወደ ጎንደር በሚወጣው አስፋልት ዳር ቆርቆሮዋ የዘመመ ጋራዥ አለችኝ። ሁዳዴ ሲገባ የፎገራ ሽንኩርት አልሚ ሁሉ ፓምፑን ተሸክሞ ደጄ ላይ ይሰለፋል። ያን ጊዜ የወለደችኝ እናቴም ብትመጣ "ተራሽን ጠብቂ" ነው የምላት። ጠባዬ ትንሽ ግልፍ ይላል፤ አልዋሽም። ሰዉ እጄን ስለሚወደው ምላሴን ይችልልኛል።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ እትዬ ገላነሽ ነው።

እትዬ ገላነሽ የወረታ ገበያ ቅቤ ተራ እናት ናቸው። ሃምሳ ዓመት ቅቤ ሸጠዋል። ጣታቸውን ነከር አድርገው ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ "ይቺ የናበጋ ላም ናት፤ ውሃ ዳር የከረመ ሣር ነው የበላችው" ይላሉ። ባለ ላሟ ከናበጋ ካልመጣች ምን አለ በሉኝ! ቅቤ ውስጥ ሙዝ ለውሶ የሚሸጥ ወስላታ ገና ሲያያቸው ቅሉን ሸፍኖ መንገድ ይቀይራል። ንጥር ቅቤያቸው ደግሞ ለብቻው ነው። ኮሰረት ሌላው ሰው ቆንጠር በሚያደርግበት እሳቸው በእፍኝ ነው የሚጨምሩት። ሠርግ ቤት ገብተህ ወጡ ገና ሳይቀርብ "ይሄ የገላነሽ ንጥር ነው" ትላለህ። ከወረታ እስከ ሐሙሲት ይህን ያልበላ የለም።

ወሬያቸውም እንደ ኮሰረታቸው ነው፤ በእፍኝ። የማን ላም ወለደች፣ የማን ልጅ ኮበለለች፣ ሁሉን ይናገራሉ። አንድ ነገር ብቻ ሠላሳ ሦስት ዓመት አፍነው ኖሩ። ያቺን ነገር ነው የምነግራችሁ።

ባለቤታቸው አያ አዛናው ዱሮ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበሩ። በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጎንደር ከአንድ አስተማሪ ላይ ቬስፓ ገዙ፤ መልኳ ሰማያዊ፣ ፊቷ ክብ። ሰዉ ሁሉ በቅሎ ላይ በሚያገባበት ዘመን እትዬ ገላነሽን ከሐሙሲት ወረታ ያመጧቸው በዚያች ቬስፓ ነው። የሙሽራዋ አክስት "ልጃችንን ጢንዚዛ ላይ ጭኖ ወሰዳት" ብለው አለቀሱ አሉ። እትዬ ገላነሽ ግን እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል። "ነፋሱ ነጠላዬን ሲወስደው፣ እሱ ዞሮ ሲስቅ!" ይላሉ።

የቬስፓዋ ሁለተኛ ተሳፋሪ አያ የኋላሸት ነበሩ። እሳቸውም የወባ ሠራተኛ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አያ አዛናው ይናገራሉ፣ አያ የኋላሸት ይሰማሉ። እንደዚያ ነው የተስማሙት። የሚካኤል ማኅበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጽዋውን አንዱ ለአንዱ ያቀብሉ ነበር። አባቴም የዚያ ማኅበር አባል ስለነበር ሁሉን በልጅነቴ አይቻለሁ።

በሰማንያ ሦስት የካቲት ላይ፣ በዚያ በግርግሩ ዘመን፣ አያ አዛናው ለሥራ ደብረ ታቦር ተላኩ። ያን ጊዜ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ያገኘው የሚነዳው ስለነበር ቬስፓዋን ይዘው መሄድ ፈሩ። ጓደኛቸውን ጠርተው "የኋላሸት፣ ቤቴንም ቬስፓዬንም አደራ" ብለው ሄዱ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው መቼም። መንገዱ ተዘጋና አምስት ወር እዚያው ቀሩ። አያ የኋላሸት በበኩላቸው ቬስፓዋን በሌሊት ገፍተው ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ከተቆለለ የሩዝ ገለባ ውስጥ ቀበሯት። ሰው ቁንጫ ይፈልግ ይሆናል እንጂ እዚያ ሞተር አይፈልግም።

ሐምሌ ላይ አያ አዛናው ተመለሱ። ወባ አጥፊው ራሳቸው በወባ ተመትተው፣ አፍንጫቸው በጉንፋን ተደፍኖ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። ከቤታቸው ቀድመው ወደ ገለባው ሄዱ። ሁለቱ ቆፍረው አወጧት። አያ አዛናው መርገጫዋን ረገጡ፤ ንቅንቅ የለም። ደግመው ረገጡ። ግድግዳ! እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አጥር ላይ ወጥቼ እያየሁ ነው። አያ አዛናው ዞረው ጓደኛቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸውና በሰው ሁሉ ፊት "አደራ በላ!" አሏቸው።

በኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሌባ ብትባል ትክሳለህ፤ አደራ በላ ከተባልክ ልጅህን የሚያገባልህ አታገኝም። አያ የኋላሸት "እግዜር ያውቃል" ብለው ሄዱ። ሽማግሌ ቢላክ አያ አዛናው "አይደረግም" አሉ። አያ የኋላሸትም ማኅበሩን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ሰፈር እየኖሩ አንዱ በአስፋልቱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ነው የሚሄዱት። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ቬስፓዋስ? አያ አዛናው መካኒክ እንዲነካት አልፈቀዱም። "እንደ ተገደለች ትቀመጥ፤ ምስክር ናት!" ብለው በረት ውስጥ አቆሟት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ዶሮ እንቁላል ጣለችባት።

ታዲያ አምና አያ አዛናው የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ባሕር ዳር ሄደው ሙሽራው በአሮጌ ቬስፓ ከች አይል መሰላችሁ! ተወልውላ፣ መስታወት መስላ። እህል አልበላላቸው አለ። በመጋቢት መጀመሪያ ቬስፓዋን በፈረስ ጋሪ አስጭነው ደጄ ላይ ከተፍ አሉ።

"አያ፣ ይቺ ምንድን ናት?" አልኩ።

"ቬስፓዬ ናት።"

"የነበረች ማለትዎ ነው።"

ዝገቷ ፊቷን በልቶታል። መቀመጫዋን አይጥ ጨርሶት ሽቦው ቀርቷል። እግር ማሳረፊያዋ ላይ ጭድ፣ ጭዱ ላይ ደግሞ አንድ እንቁላል። ጾም ባይሆን ቁርሴ ነበር።

"ሰው በኔ ሞተር እያገባ እኔ ዶሮ አስታቅፋታለሁ?" አሉ አያ አዛናው። "ክፈታት! ያ አደራ በላ ምን እንደ ጨመረባትም እይልኝ። እኔ ስኳር ነው እላለሁ። ስትጨርስ ሰው እሰበስባለሁ፤ እሱም ይጠራል። በሰው ፊት ትነግረኛለህ።"

እኔ መች ያዋጣኛል! ደጄ ላይ አሥራ አንድ ፓምፕ ተሰልፏል። ግን የአባቴ ማኅበርተኛ ናቸውና አፌን ይዤ ተቀበልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ገላነሽ ከኪዳን መልስ መጡና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። አመሰገኑኝ። እጄን፣ ጋራዤን፣ ቆርቆሮዬን ሳይቀር አመሰገኑ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ከፈትካት?"

"ገና ነኝ፣ እትዬ።"

"አንለይዬ፣ የአባትህን ነፍስ ይማርና፣ ምስጢር ትችላለህ?"

"አልችልም" አልኩ። እውነቴን ነው።

ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ተሰበረና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ባትችልም ስማኝ። ያን ክረምት ዝናቡ በረታ፤ የርብ ወንዝ ሞላ። ገለባው ከሥሩ ሲረጥብ አየሁ። ባሌ መጥቶ ዝጋ ብትቆየው አንጀቱ ይቆረጣል አልኩ። ግራሶ ከየት ላምጣ? ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ቤቴ ያለው ቅቤ ነው። አባቴ ጠመንጃውን በጮማ ሲወለውል እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ዝጎበት አያውቅም። ስለዚህ ውጭዋን በለጋ ቅቤ ቀባሁላት።"

"ለዚህ ነዋ አይጥ የበላት! እሺ፣ ውስጧንስ?"

የተቀመጡበትን ጎማ አቧራ ይጠርጉ ጀመር።

"እትዬ ገላነሽ፣ ውስጧንስ?"

"እሱ ሲፈታት የማያት አናቷ ላይ ያለች ነጭ ነገር አለች አይደል? እሷን ፈታሁና አንድ ቅል ንጥር አንቆረቆርኩላት። ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩትን።"

"በካንዴላው ቀዳዳ? ቅቤ? ሙሉ ቅል?"

"ስሟን እኔ ምን አውቄ።"

ሳቄ መጣ፤ እስክንፈራፈር ሳቅሁ። ከዚያ አያ የኋላሸት ትዝ አሉኝና ደሜ ፈላ። "ታዲያ እርስዎ ይህን እያወቁ ያ ሰውዬ ሠላሳ ሦስት ዓመት አደራ በላ ሲባል ዝም አሉ? የሰው ስም ነው እኮ!"

"ያን ቀን ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሽማግሌ መጣ፤ እሱ እንደ ነብር ተቆጥቶ ነበር፤ ፈራሁ። ከነገ ወዲያ የኋላሸት ማኅበሩን ለቀቀ። ነገሩ ከኔ በለጠ። ለነፍስ አባቴ ብናዘዝ 'ሄደሽ ንገሪ' አሉኝ፤ ነገ ነገ ስል እሳቸውም ሞቱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ።" እጄን ያዙኝ። "ቅቤውን በስውር አውጣልኝ። ተነስታ ድምጿን ሲሰማ ልቡ ይራራል። ያን ጊዜ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። አንተ ከነገርከው ግን አለቀልኝ። አዛናው አንዴ ፊቱን ካዞረ እንደማይመልስ አይተሃል። በዚህ ዕድሜዬ ፊቱን ቢያዞርብኝ የት እገባለሁ?"

"አሁንም ነገ ብለው ቢቀሩስ?"

"ስድቡ ይገባኛል፤ ተሳደብ። ስትጨርስ ቅቤውን አውጣልኝ።"

እንዲህ ያለች ሴት ምን ይሏታል? በሚካኤል ማልኩላቸው።

ሲሄዱ ሞተሩን በከሰል አሞቅሁት። ካንዴላው እምቢ ብሎ ብሎ ተፈታ። ሲሊንደሩ ሲግል ቅቤው ቢጫ ሆኖ በጣሳ ተንቆረቆረ፤ ጋራዤ የሠርግ ጓዳ ሸተተ። በሬን ዘጋሁ። የሲሊንደሩን ክዳን ስከፍት ምን ባይ ጥሩ ነው? ፒስቶኑ ያበራል! አንዲት የዝገት ነጥብ የለችም። እንደኔ እንደኔ፣ ደረቅ ብትቀመጥ ኖሮ ያ ፒስቶን ዛሬ ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ብረት ሆኖ ነበር። አያ አዛናው ባይቸኩሉና መካኒክ ቢያስከፍቱ ያኔውኑ በአንድ ቀን ትነሳ ነበር። የሴትዮዋ ቅቤ አድኗታል፤ የገደላትስ ቁጣቸው ነው። ይህን ለማንም መናገር አለመቻሌ ሆዴን ነፋው።

የተረፈው ሥራ የዝገት ነው። የከተማ መካኒክ የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሳል፤ እኛ ፎገራ የሩዝ ገለባ አለን። ገለባ ብታዩት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ብረት ይልጣል። በነጭ ጋዝ ለውሼ በጆንያ ቁራጭ ሦስት ሳምንት ፈተግኋት። የቤንዚን ታንከሯ ውስጥ ያልተፈተገ ሩዝ ጨምሬ እንደ እርጎ ናጥኋት፤ ቀይ ጭቃ ወጣ። ከፊቷ ዝገት ሥር አንድ ቀን ሰማያዊ ቀለም ብቅ ስትል፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ብቻዬን እልል አልኩ።

አያ አዛናው በየቀኑ ዱካቸውን ይዘው ይመጣሉ። "ምን አገኘህ?"

"ዝገት።"

"ስኳር የለም?"

"ስኳር የለም፣ አያ።"

"እንግዲያው ጨው ነው።"

ምላሴን ነክሼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ሚስቴ "አመመህ እንዴ?" አለችኝ።

አንድ ስሕተት ግን ሠራሁ። ጭስ ማውጫዋን፣ እኛ ማርሚታ የምንላትን፣ ውጭዋን ፈትጌ ጥቁር ቀባኋትና ውስጧን ሳላይ ገጠምኳት። ያን ጊዜ ቅሉ ሲንቆረቆር ፒስቶኑ ወደ ታች ወርዶ ኖሯል፤ የቅቤው ግማሽ በጭስ መውጫው በኩል ማርሚታዋ ሆድ ውስጥ ገብቶ ረግቷል። ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ግን እስቲ ሞተር ሲጠግን ቅቤው የት ገባ ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ከሰዓት ተቀጠረ። አያ አዛናው እንዳሉትም ሰው ሰበሰቡ። አያ የኋላሸትን እንዲያመጡ የማኅበሩን ካህን መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ላኩ። መሪጌታ ለዕርቅ መስሏቸው ደስ እያላቸው ሄዱ። አያ የኋላሸት በትራቸውን ተመርኩዘው መጡና ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ቆሙ። ሸብተዋል። ትንሽ ጎብጠዋል። ምስኪን! እትዬ ገላነሽ የጋራዤ መቃን ጥግ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፤ ይፈታሉ።

"እኔ ነኝ የማስነሳት" አሉ አያ አዛናው። አንዴ ረገጡ፤ አስነጠሰች። ሁለቴ ረገጡ፤ ሳለች። በሦስተኛው ጥ፣ ጥ፣ ጥ... ጥርርርርር!

የሰዉ እልልታ! አያ አዛናው መሪውን እንደ ያዙ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። "ድምጿ ያው ነው" አሉ። "ገላነሽ፣ ሰማሽ? ያው ነው!"

እትዬ ገላነሽን አየኋቸው። አሁን ነው፣ አልኩ በዓይኔ። አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ማዶ ወደ አያ የኋላሸት አዩ። አፋቸው ተዘጋ።

ይህን ጊዜ የማርሚታዋ ሆድ ጋለ። ጭሱ ነጭ ሆነ፣ ወፈረ፣ ሜዳውን ሞላው። መጀመሪያ የመጣው ውሻ ነው፤ አፍንጫውን ቀስሮ። ቀጥሎ የጎረቤት ምግብ ቤት አሳላፊዎች ወጡ። ከዚያ ሽታው ለሁላችንም ደረሰን። መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው ግራ ቀኝ ተመለከቱና "ኧረ የሰይጣን ጆሮ ይደፈን! በሁዳዴ ዶሮ ወጥ የሚያቁላላ የማን ከሐዲ ነው?" አሉ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ "ዘይቱ አሮጌ ሆኖ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ! ከጭስ ማውጫዋ ጫፍ ቢጫ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል። አያ አዛናው ሞተሩን አጠፉ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት፤ አዩት።

"ቅቤ!" አሉ። ፊታቸው ደም መሰለ። "እኔ ስኳር ስል እሱ ቅቤ ኖሯል የደፋብኝ! ያ አደራ በላ! ሰዎች፣ ይኸው በዓይናችሁ አያችሁ፤ መስክሩ!" ያን ቅቤ የነካ ጣታቸውን አስፋልቱን አሻግረው ቀሰሩት።

አያ የኋላሸት ሰውን ሁሉ አንድ ጊዜ አዩ። "እግዜር ያውቃል" አሉና በትራቸውን አንስተው ፊታቸውን ወደ ቤታቸው አዞሩ።

"የኋላሸት! እንዳትሄድ!"

እትዬ ገላነሽ ናቸው። ከመቃኑ ወጥተው መሃል ቆመዋል። 

"ቅቤው የኔ ነው። ለልጃችን ሠርግ ያስቀመጥኩትን ሙሉ ቅል ንጥር እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እንዳትዝግብህ ብዬ። እሱ አያውቅም። አሽትተው አዛናው፤ ኮሰረቱን አሽትት። ሃምሳ ዓመት የበላኸው ቅቤ ጠፋህ? ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈርቼህ ዝም አልኩ። ፊትህን የምታዞር ከሆነ ወደኔ አዙር እንጂ ከእንግዲህ ወደሱ አታዙር።"

አያ አዛናው ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አሸተቱ። ደገሙ። እጃቸው ወረደ። አሮጌዋ ጎማ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። 

ከዚያ ቀና አሉ። "የኋላሸት፣ ና እስቲ ወዲህ።" አያ የኋላሸት አስፋልቱን ተሻገሩ። በሠላሳ ሦስት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"ከገለባው ስናወጣት እጄን ስጠርግ ሸተተኝ።"

"የዚያን ዕለት?"

"የዚያን ዕለት።"

"ታዲያ ምነው? ምነው 'ሚስትህ ናት' አትለኝም?"

አያ የኋላሸት ንግግር ስላልለመዱ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የሚያወጡት። "ደብረ ታቦር ስትሄድ ምን ነበር ያልከኝ?"

"ቬስፓዬን አደራ።"

"እሷን ብቻ?"

አያ አዛናው "ቤቴንም ቬስፓዬንም" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

"ያን ቀን ቁጣህን አየሁት። 'እሷ ናት' ብል ቤትህ እዚያው ይፈርስ ነበር። ቬስፓህን ማትረፍ አልቻልኩም፤ ቤትህን ግን ጠብቄልሃለሁ።"

መሪጌታ ገብረ ኪዳን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔም ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ አልኩ፤ ጭሱ ግን ካለቀ ቆይቷል።

አያ አዛናው ተነስተው መሬት መሬቱን ይፈልጉ ጀመር። ገባን፤ ድንጋይ ነው። በኛ ወግ በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ነው እግር ላይ የሚወድቀው። ግን ፎገራ ሜዳ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ጥቁር አፈር ነው ሁሉም። ግራ ቀኝ አዩና ከፓምፖቹ መሃል የአንዱን ገበሬ ፓምፕ ማሽከርከሪያ፣ ያን ከባድ ክብ ብረት፣ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

"አያ! እሱ የሰው ዕቃ ነው!" ብዬ ጮህኩ። መሪጌታ በመስቀላቸው ክርኔን ቆረቆሩኝ።

አያ አዛናው ብረቱን ተሸክመው ተንበረከኩ። ግራሶው በነጭ ጋቢያቸው ላይ ወረደ። "አደራ በላው እኔ ነኝ" አሉ። "ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።"

"አውርደው አንተ ሰውዬ!" አሉ አያ የኋላሸት ብረቱን በሁለት እጃቸው እያነሱላቸው። "ወገብህን ሰብረህ ማን ሊያፈናጥጠኝ ነው?"

እትዬ ገላነሽም እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አያ የኋላሸት በክንዳቸው ያዟቸው። "ተይ ተይ። አንቺን አልተቀየምኩም። ያ ሁሉ ንጥር ለሠርጉ ቀርቦ ባለመብላቴ ብቻ ነው የተናደድኩት።"

መሪጌታ "ይፍታ!" ብለው ሁሉንም ባረኩ። ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበርና ሰዉ አልተበተነም። አያ አዛናው ገና ሚስታቸውን አላዩም። እትዬ ገላነሽ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ይጠብቃሉ።

አያ አዛናው ዞሩ። "አንቺ ሴትዮ" አሉ።

"አቤት።"

"ሙሉ ቅል?"

"ሙሉ ቅል።"

"ለኔ ወጥ በማንኪያ እየለካሽ!"

መጀመሪያ እትዬ ገላነሽ ሳቁ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። አያ አዛናው ሄደው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አስተካከሉላቸው፤ በአደባባይ! በኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ሲያደርግ እኔ አላየሁም። ከዚያም ቬስፓዋን አስነሱ፣ ጓደኛቸውን ከኋላ አፈናጠጡ፣ ያ ዱሮ አጥር ላይ ሆኜ የማየው ረጅም ሰውዬ በትሩን እንደ ጦር ይዞ፣ በሐሙሲት መንገድ ቁልቁል ሄዱ። ውሻው እስከ ድልድዩ ተከተላቸው።

ከፋሲካ በኋላ በመጣው ሚካኤል ተራው የአያ አዛናው ነበር። አያ የኋላሸት የዱሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጽዋውንም የተቀበሉት ከአያ አዛናው እጅ ነው። ከጠበሉ ከጠላው በኋላ እኔ ወደ አያ አዛናው ጠጋ ብዬ "አያ፣ ማርሚታዋን ፈትቼ ላጥብልዎት፤ ጥፋቱ የኔ ነበር" አልኳቸው። አሁንም ስትግል ገበያው ሁሉ ይራባል እኮ።

አያ አዛናው ወደ ሚስታቸው አዩ፤ ወደ ጓደኛቸውም አዩ።

"ተዋት" አሉኝ። "ምስክር ናት።"

እኔም ተውኳት።